የአም ሳሊህ ዓረብኛ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካርቱም ውስጥ ነው፤ ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ ዓርብ ቀን። የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ስቄበት አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው «ይህንን እኔ አውቃለሁ» ብሎ በእርግጠኝነት ሲናገር በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ስለዚህ ለአንባቢ ላካፍለው ብዬ ተነሳሁ።

ሀገሬ ወሎ ነው፤ ሐርቡ አካባቢ። በመተማ በኩል ሱዳን ስገባ ዓረብኛ አልችልም ነበር። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ አንዳንድ ቃል ይገባኛል። ቀድማኝ ካርቱም የገባችው የአክስቴ ልጅ ዘሃራ ግን ገና ሳልቀመጥ፣ «የቁርኣኑን ተይው፤ የሱዳኖች ዓረብኛ ሌላ ነው፣ ምንም አይገናኝም» አለችኝ። አመንኳት። የጉዴ መጀመሪያ እሷ ናት ማለት ይቻላል።

ዘሃራ የምትኖረው ዴም ነው። ዴም ሀበሻ የሞላበት የድሮ ሰፈር ስለሆነ እዚያ ብውል ኖሮ ቋንቋውን ከገበያው ከመንገዱ እለቅመው ነበር። ሥራ ያገኘሁት ግን ካፉሪ ሆነ። ካፉሪ የሀብታም ሰፈር ነው። አጥሩ ረጅም፣ መንገዱ ሰፊ፣ ሰው ግን የማይታይበት።

የቤቱ ባለቤቶች የሚኖሩት ዓረብ ሀገር ስለነበር ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ እኔ የማስታምማት የባለቤቱ እናት ናት፤ ሐጃ እንላታለን። ግማሽ ጎኗን መትቷት መናገር አትችልም። ሦስተኛው ዘበኛው አም ሳሊህ ነው። «አም» እንደኛ «ጋሼ» ማለት ነው። ሸምገል ያለ፣ ጀለቢያው እድፍ የማያውቅ፣ ሶላቱ የማያልፈው፣ ውሸት የሚባል ነገር ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር።

ዘሃራ ወደ ሥራ ስትሸኘኝ አንዲት ጥያቄ አስጠናችኝ። «ዳ ሺኑ?» የምትል፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ናት። «እሷን ከያዝሽ ሌላውን በሷ ትለቅሚዋለሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከአም ሳሊህ ክፍል አጠገብ ወዳለው የውሃ ጋን ሄድኩና ውሃ ቀድቼ እያሳየሁት «ዳ ሺኑ?» አልኩት።

ውሃውን አየ። እኔን አየ። እንደ መሳቅም እንደ ማሰብም አደረገውና «አማን» አለኝ።

ደስ አለኝ። አማን በኛ ሰላም ማለት ነው። ውሃን አማን ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ደግ ሕዝብ መሆን አለበት አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመኛል! ፀሐዩን፣ ዳቦውን፣ በሩን፣ ድመቷን፣ የሐጃን አልጋ ሳይቀር «ዳ ሺኑ?» እያልኩ ጠየቅኩት። ሥራዬን ስጨርስ በሩ ጥላ ሥር እንቀመጣለን። እሱ ይናገራል፣ እኔ እደግማለሁ። ስሳሳት ጭኑን መትቶ ይስቃል፤ ሳስተካክል ዓይኑ ውሃ ይሞላል። እንዴት ያለ ትዕግሥተኛ አስተማሪ ነው እል ነበር። ወራቱ ሲገፉ ቃሉ ሐረግ ሆነ፣ ሐረጉ ወሬ ሆነ። ስለ እናቴ፣ ስለ ከብቶቻችን፣ ስለ ሐርቡ ሙቀት አወራው ጀመር። እሱም ስለ ወንዙና ስለ ቴምር ዛፎቹ ያወራኛል።

ታዲያ ልዩነቱን እንዴት ሳትሰሚ ቀረሽ የሚለኝ ሰው አለ። ሰምቻለሁ። ባለቤቶቹ ሲደውሉ አም ሳሊህ በስልክ የሚናገረው ሌላ ዓይነት ነበር። እኔ ግን ለጌቶች የሚነገር የክብር ዓረብኛ መሰለኝ። እኛስ ለትልቅ ሰው የምንናገረውና ለጎረቤት የምንናገረው አንድ ነው? ደግሞም «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል፣ «ኢንሻአላህ» ይላል፣ «ያላ» ይላል። ሌላ ምን ልጠራጠር?

ሐጃን ሳስብ ነው አሁን የማፍረው። ጠዋት ጠዋት ፊቷን እያጠብኳት በአዲሱ ቋንቋዬ አወራት ነበር። «ማስካግና፣ ሐጃ?» እላታለሁ፤ ደህና ነሽ ወይ ማለት ነው። እሷ ዓይኗን ታፈጣለች። በደህናው እጇ አልጋውን ትመታለች። አንዳንዴ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ድምፅ ሳታወጣ ትስቅና እንባዋ ይወርዳል። በደስታ ነው ብዬ ሌላ እጨምርላታለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን የምታውቅና ልትነግረኝ የፈለገች እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ምላስ የላትም።

ያን ዓርብ ዘሃራ የወለደችውን ልጅ ዓቂቃ ልታወጣ ጠራችኝ፤ በግ ታርዶ ለሕፃኑ ስም የሚወጣበት ድግስ ነው። ከሰፈሩ ብቻዬን ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ከሀገሬ ይዤው የመጣሁትን ቀሚስ ለበስኩ። ሐጃን የምትጠብቅ የጎረቤት ሴት አም ሳሊህ ራሱ አመጣልኝ። ጠዋቱን ሙሉ ግን ፊቱ አላማረኝም።

«መዲና፣ ዛሬ ይቅርብሽ» አለኝ በሩ ላይ።

«ምነው? ቋንቋውን እንደሆነ ችያለሁ» አልኩት።

አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። «አላህ ይጠብቅሽ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ሃፍላ ውስጥ ገባሁ፤ እዚያ ሚኒባሱን ሃፍላ ነው የሚሉት። ረዳቱን ዴም ለመሄድ የት መውረድ እንዳለብኝ ጥርት አድርጌ ጠየቅኩት። አፍጥጦ አየኝ። ደገምኩለት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩኝ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? የካፉሪ ዓረብኛ ስለምናገር ነው ያልገባቸው አልኩ። ኮርቼ ተቀመጥኩ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፖሊሶች ሃፍላውን አስቆሙት። ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው የሚለቅሙበት አፈሳ ነበር፤ ከሻ ይሉታል። አንድ ወጣት ፖሊስ እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ «ኢቃማ?» አለ። ይህቺን ቃል ማንም ሀበሻ ያውቃታል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ናት። የኔ አሠሪዎቼ «እያስጨረስን ነው» ከማለት በቀር አሳይተውኝ አያውቁም። ስለዚህ ሳልደነግጥ፣ ካፉሪ እንደምሠራ፣ ፈቃዱም በቅርቡ እንደሚወጣ በሚያምር ቋንቋ አስረዳሁት።

ፖሊሱ ቃሌን ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ጓደኛው ዞሮ ጮኸ። «ረጣና!» አለ። ረጣና ሱዳኖች ዓረብኛ ያልሆነን የሀገራቸውን ቋንቋ ሁሉ የሚጠሩበት ስም መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። ስድብ መሰለኝ። ከሃፍላው አውርደው ጣቢያ ወሰዱኝ።

እዚያ የተባለውን ብዙውን በኋላ ነው ሰዎች የተረጎሙልኝ። መኮንኑ ወፍራም፣ የደከመው ሰው ነው። ፖሊሱ «ጌታዬ፣ ይቺ ሴት መልኳና ልብሷ ሀበሻ፣ ቋንቋዋ የሀልፋ ሰው ነው» አለው። የሀልፋ ሰዎች በሰሜን በኩል አባይ ዳር የሚኖሩ ኑብያውያን ናቸው። መልካቸው ከኛ ብዙም አይርቅም። መኮንኑ «ሻዊሹን ጥሩልኝ፤ የነሱ ሰው ነው» አለ። ሻዊሽ ማለት እንደኛ ሃምሳ አለቃ ነው።

ሻዊሹ ደረቱን ነፍቶ መጣ። በጣቢያው ሁሉ የታወቀ ኑብያዊ ነው፤ ሲኮራበት የኖረ። «ማስካግና?» አለኝ።

እፎይ አልኩ። ሰው ተገኘ! ያለብኝን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሀበሻ እንደሆንኩ፣ ዓቂቃ እየሄድኩ እንደነበር፣ እባክህ ዘሃራ ጋ ደውልልኝ አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለኝ።

ያልሰማኝ መስሎኝ ቀስ ብዬ ደገምኩለት። ራሱን ከላይ ወደ ታች እየነቀነቀ፣ «አዎ፣ አዎ» አለ። ከግንባሩ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ያኔ ገባኝ። ሰውየው ከሰላምታና ከአንድ ሁለት ቃል ሌላ ምንም አያውቅም! ቋንቋውን ከአያቱ ጋር ቀብሮታል። ነገር ግን አለቃውና ጓደኞቹ ቆመው ያዩታል። ወደ መኮንኑ ዞረና፣ «መቶ በመቶ የኛ ልጅ ናት። አነጋገሯ የድሮ ሰዎች አነጋገር ነው፤ እንደኔ ጠለቅ ብሎ ለማያውቅ ሰው ይከብዳል» ብሎ መሰከረ።

መኮንኑ ተቆጣ። የሰው ልጅ ከቤቷ ጠፍታ፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ዘሯን ክዳ! እኔ ደግሞ በማውቃት የዓረብኛ ቃል ደረቴን እየመታሁ «ሀበሺያ! ሀበሺያ!» እላለሁ። እሱም «ሀበሻ ከሆነች በቋንቋቸው ትናገርና ትፈተን» አለ። ከእስር ክፍሉ አንድ ሰው አመጡ። ብሩክ ይባላል። ባለ ሦስት እግር ራክሻ ሲነዳ መንጃ ፈቃድ ሳይዝ ተገኝቶ ነው የታሰረው። ዴም ተወልዶ ዴም ያደገ፣ ጢሙ የሞላ ሀበሻ።

«አንተ ከየት ነህ?» አለኝ በአማርኛ።

በወንድ አንቀጽ መጠራቴን ከቁም ነገር ሳልቆጥር ተንደረደርኩ። «ኧረ ወንድሜ፣ በአላህ ይሁንብህ ድረስልኝ! ጉድ ፈላብኝ እኮ። የሰው ሀገር ሰው ሆኜ ምን ይውጠኛል? ይኸው ወሽመጤ ቁርጥ ብሎ ቆሜያለሁ!»

ብሩክ ግንባሩን አኮማተረ። «ምን ፈላ? ሻይ?»

«ምን ሻይ አለብኝ! ወሽመጤ ተቆረጠ ነው የምልህ!»

ወደ መኮንኑ ዞሮ በዓረብኛ አንድ ነገር አለ። መኮንኑ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ፖሊሶቹም ልብሴን ከላይ እስከ ታች ማየት ጀመሩ። ለካስ «የተቆረጠ ነገር አለ ትላለች፤ በቢላ ይመስለኛል» ብሎ ተርጉሞልኛል። ማን እንደተቆረጠ፣ ደሙ የት እንዳለ ሲጠይቁ ጊዜ አለፈ። በመጨረሻ ብሩክ ብይኑን ሰጠ፤ ለመኮንኑ በዓረብኛ፣ ለኔ ደግሞ በዚያችው አማርኛው። «እኔ አማርኛ ጥሩ ያውቃል። እናት ያወራል፣ እኔ ይሰማል። የሷ ግን ሌላ ነው። ትንሽ ትንሽ ተምራለች መሰለኝ።»

እንግዲህ ይታያችሁ። ኑቢኛ የማያውቀው ኑብያዊ ኑብያዊት ናት አለ። አማርኛ የማያውቀው ሀበሻ ሀበሻ አይደለችም አለ። ሁለቱም ሊቃውንት ተስማምተው ሀገሬን ቀሙኝ።

ብሩክን ወደ ክፍሉ ሊመልሱት ሲሉ ግን ልቡ አላስችል ብሎት ወደኔ ጠጋ አለ። «አንተ ለምን ዓረብኛ አትናገርም?» አለኝ።

«ይኸው ስናገር የዋልኩት ምንድን ነው?»

«ክፍል ውስጥ ሆኖ እኔ ይሰማል። ያ ዓረብኛ አይደለም። አንድም ቃል ዓረብኛ የለውም። የሀልፋ ሰው ቋንቋ ነው።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ትምህርቴ በሙሉ በፊቴ አለፈ። ውሃው፣ ፀሐዩ፣ ሐጃ አልጋውን ስትመታ። መታሰሬን ረሳሁት። ያበደችው እኔ ነኝ ወይስ ዓለሙ ነው?

ሻዊሹ ደግሞ የተረፈችውን ቃሉን አሟጦ «የማን ነሽ?» አለኝ። ያለኝ ሰው አንድ ነው። «የሳሊህ» አልኩ። የአም ሳሊህን ስልክ በቃሌ ስለማውቀው ነገርኳቸው። ደወሉ።

አም ሳሊህ በራክሻ ከነፈ መሰለኝ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ጥምጥሙን አስተካክሎ፣ ከዘራውን ይዞ ገባ። ሳየው ልቆጣውም ልንጠለጠልበትም ፈለግሁ። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

መኮንኑ፣ «ይቺ ልጅህ ናት?» ሲል ጠየቀው።

አይደለችም ካለ እኔ ወረቀት የሌለኝ ሀበሻ ነኝ፤ መታሰርና ከሀገር መባረር ይጠብቀኛል። ናት ካለ ዋሸ። አም ሳሊህ ደግሞ እንደማይዋሽ አውቃለሁ። ከዘራውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አንኳኳ።

«ጌታዬ፣ የወለድኳቸው ልጆች አሉኝ» አለ። «በቋንቋዬ ስጠራቸው የሚመልስልኝ የለም፤ ያፍሩበታል። ይቺ ስጠራት ትመልሳለች። ልጅ የምትሉት የትኛውን ነው? እኔ አልፈርድም። ደግሞ እዚህ የምታምኑት ሰው አለ። ሻዊሹ ሰምቷታል፤ እሱ ይንገራችሁ።»

ሁሉም ወደ ሻዊሹ ዞረ። ምስኪኑ ሻዊሽ ምን ይበል? የመሰከረውን ሊበላው አይችልም። «መቶ በመቶ ብያለሁ!» አለ ጮክ ብሎ።

አለቀ። መኮንኑ የአባት ክብር ምን እንደሆነ ረጅም ተግሣጽ ሰጠኝ፤ አንድም ቃል አልገባኝም። እኔም እንደ ሻዊሹ ራሴን ነቀነቅኩ። ስንወጣ ሻዊሹ የአም ሳሊህን ትከሻ ሳመና ሰላምታውን ደገመለት። አም ሳሊህ እጁን ይዞ፣ ፈገግ እያለ፣ እንደሚመርቅ ሰው በኑቢኛ ረዘም አድርጎ ተናገረው። «አንተ የደረቅክ ግንድ፣ የእናትህን ቋንቋ ሳታውቅ ደረትህን ትነፋለህ፤ አላህ ምላስህን ይፍታልህ» ነበር ያለው። ሻዊሹ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሚን፣ አሚን» አለ። ሳቄን ለመዋጥ ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎሰርኩት።

ራክሻው ውስጥ ግን ሳቁ ጠፋ። «ለምን አታለልከኝ?» አልኩት። በምን ቋንቋ? በዚያው በሱ ነዋ። ሌላ የለኝም።

«ይሄ ምንድን ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ የምጠራበትን ነገርኩሽ። ውሃ አማን አይደለም እንዴ?»

«ዓረብኛ መስሎኝ እንደነበር አላወቅክም?»

ድልድዩን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «በኋላ አወቅኩ» አለ። «ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ አነጋለሁ። አንቺ ትመጪና ማስካግና ትይኛለሽ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ያን ቃል ከሰው አፍ የሰማሁት ካንቺ ነው። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ዛሬ በሩ ላይም ልነግርሽ ነበር።»

ዓቂቃው አመለጠኝ። ዘሃራም ጉዳዩን ስትሰማ፣ «የሱዳን ዓረብኛ ሌላ ነው ብልሽ ይሄን ያህል ሌላ አልኩሽ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አም ሳሊህን ለብዙ ቀን አኮረፍኩት። ሐጃ ግን ፊቷን ሳጥባት ዝም ስላልኳት አልጋዋን እየመታች አስቸገረችኝ። ወሬው የተሳሳተ መሆኑን እያወቀች ወሬውን ፈልጋዋለች። እጅ ሰጠሁ። ከዚያ ጀምሮ አም ሳሊህ በቀን ዓረብኛውን ያስተምረኛል፤ ማታ ማታ የሱን እናወራለን።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም ተበተንን። ሐጃን ልጆቿ ወሰዷት። እኔ በመጣሁበት በመተማ ተመለስኩ፤ አሁን ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አም ሳሊህ ፖርት ሱዳን ልጁ ጋ እንደገባ ሰማሁ።

ባለፈው ዓመት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። የአም ሳሊህ ልጅ ነው። በዓረብኛ አወራን፤ በእውነተኛው ዓረብኛ። አባቱ ከታመመ ወዲህ ዓረብኛው ጠፍቶበታል አለኝ። ቀኑን ሙሉ በረጣና ይናገራል፤ ምን እንደሚፈልግ የሚገባው ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። «መዲና የሚል ስም ይጠራል፤ ፈልገን ፈልገን አንቺን አገኘን። እባክሽ ምን እንደጎደለው ጠይቂልን» አለኝ።

ስልኩን ሰጠው። ድምፁ ቀጥኗል፤ ግን እሱ ነው። ሰላምታውን ሳልጨርስ በእነሱ ላይ ስሞታውን ጀመረ። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነዋል? አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሾርባ ያመጡልኛል። እኔ ታሪክ እየነገርኳቸው ነው። ልጅ ሳለሁ ወንዙን ብቻዋን እየዋኘች ተሻግራ የሰው እርሻ ውስጥ በልታ የምትመለስ አህያ ነበረችን። የሷን ታሪክ ነው የምነግራቸው። እነሱ ሾርባ!»

ለልጁ፣ «ምንም አልጎደለውም፤ ታሪክ እየነገራችሁ ነው፤ ሾርባውን አስቀምጡና ቁጭ በሉ» አልኩት።

«የምን ታሪክ?» አለኝ ልጁ።

ነገርኩት። አባቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይላል፣ እኔ ወደ ዓረብኛ እመልሳለሁ። አህያዋ ተይዛ ዳኛ ፊት የቀረበችበት ላይ ስንደርስ ልጁ ሳቀ፤ ከኋላው ሌሎችም ሳቁ፣ ልጆችም ነበሩበት። አም ሳሊህ ሳቃቸውን ሰማ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ታሪኩን ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረው።

ያን ዓመት በከንቱ ጠፋ፣ ተታለልኩ እያልኩ የምናደድበት ጊዜ ነበር። አሁን ንዴቱ የለም። የተማርኩት ልማር ያሰብኩትን አልነበረም፤ ግን በደንብ ነው የተማርኩት። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ያረፈ ቀን ያንን ቋንቋ ከማን ጋር እንደማወራው አላውቅም።